የቅዱስ በቶሎ ሊቀ ድንጋይ

ጣራ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አንድ አስረጂ አለው። ሰባኪ ሊጠፋ ይችላል፣ ዘማሪ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ማሞቂያው በጥር ወር ሊበላሽ ይችላል፤ አስረጂው ግን አንድ እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ማንም አልሾመውም፣ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ጃኬታችሁን ሳታወልቁ ክርናችሁን ይዞ ወደ አንድ ምሰሶ ይወስዳችኋል። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ብትጠይቁት ሽንት ቤቱ ያለበትን ግድግዳ ማን እንደገነባው ነግሯችሁ ሳይጨርስ አይለቃችሁም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የእናንተው ስሙ ሌላ ይሆናል እንጂ።

ሴንት ፖል ውስጥ ባለው የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ይህ ሹመት የኦቦ ጉዲሳ ነው። ፊት ለፊታቸው «ኦቦ ጉዲሳ» ይባላሉ። ዞር ሲሉ ግን ክቡር ሊቀ ድንጋይ ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ የጉባኤው ሕንፃ ኮሚቴ አባል የሆነችው ኢብሲቱ ግን ስሙን ስትጠራ ትንሽ ታፍራለች።

ሊቀ ድንጋይ ነቀምት ሳሉ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ሚኒሶታ ከመጡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የተማሪ አውቶብስ ይነዳሉ። እንግሊዝ አገርን የሚያውቁት ለንደን አየር ማረፊያ አራት ሰዓት ትራንዚት ቆይተው ነው፤ ከአራቱም ሁለቱን ተኝተዋል። ይህን ቆይታ ሲያነሱ ግን «እኔ እንግሊዝ አገር በነበርኩ ጊዜ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሰሚውም አሥር ዓመት ያህል የኖሩ መስሎት በአክብሮት ዝም ይላል። ሁለት አባባል አላቸው። ሲጀምሩ «ይህ ድንጋይ ዝም ብሎ ድንጋይ እንዳይመስልህ» ይላሉ። ሲጨርሱ፣ ወይም ሰው ሲጠራጠራቸው፣ «ሰነድ አለ» ይላሉ።

እውነት ለመናገር ሕንፃው የሚያስወራ ነው። ያሠራው በዱቄት ንግድ የከበረ አንድ እንግሊዛዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1911። የተወለደባት መንደር ውስጥ ያለችውን የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሰው ልኮ በገመድ አስለካና «እንዳለች ሥሩልኝ» አለ። እንዳለች ማለት ለዚያ ሰውዬ እንዳለች ማለት ነበር። የእንግሊዙ ደረጃ ስድስት መቶ ዓመት ተረግጦ መሀሉ ስለጎደጎደ፣ የሴንት ፖሉ ደረጃ ማንም ሳይረግጠው ጎድጉዶ ተጠረበ። የእንግሊዙ መስኮት አንድ ጊዜ ተሰብሮ በማይመሳሰል መስታወት ስለተጠገነ፣ የሴንት ፖሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የማይመሳሰል መስታወት አለው። ልጁን ከነጠባሳው ፎቶ አስነስቶ፣ ሌላው ልጁ ላይ ያንኑ ጠባሳ ያወጣ አባት ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የእንግሊዛዊው ጉባኤ ቁጥሩ አልቆ አሥራ አንድ አዛውንት ቀሩ። በ2021 ሕንፃውን ከብሩክሊን ፓርክ፣ ከብሩክሊን ሴንተርና ከአፕል ቫሊ ለሚመጣው፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ለሚዘምረው የእኛ ወንጌላዊ ጉባኤ ሸጡት። ቦቶልፍ የሚለውን ስም አፋቸው ያልቻለ እናቶች «ቅዱስ በቶሎ» አሉት፤ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። ወንጌላውያን ቅዱሳንን አይለምኑም። ሆኖም የግሪን ካርድ ጉዳይ ያለው ሰው «በቶሎ» ሲል ድምፁን ለስለስ ማድረጉን ኢብሲቱ ብዙ ጊዜ ታዝባለች።

ሰነድ የሚባለው ደግሞ ይህ ነው። ርክክቡ በተደረገ ሳምንት ኦቦ ጉዲሳ ከልብሰ ተክህኖ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሻማ ስብርባሪ ሥር፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ አገኙ። የቀድሞው ጉባኤ አባል የነበሩ አንዲት ሴትዮ ስለ ሕንፃው የጻፏት ናት። ሌላ ቅጂ የላትም። ሊቀ ድንጋይ በዚፕሎክ ላስቲክ ከተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዟታል፤ ያሳያሉ እንጂ አያውሱም፣ ይጠቅሳሉ እንጂ አያስነብቡም።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። መሠዊያው ያለበት ክፍል ከቀረው ሕንፃ ጋር ቀጥ ብሎ አልገጠመም፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ራሱን ያዘነበለበት ምሳሌ ነው ይላሉ ኦቦ ጉዲሳ፤ ይህንንም ለማሳየት እንግዳውን ሁሉ አንገቱን ያስዘነብሉታል። እሑድ እሑድ አንገታቸውን ወደ ግራ ጥለው የቆሙ ሦስት አራት ሰዎች ካያችሁ አዲስ መጦች ናቸው። አንድ ጊዜ እዚሁ የተወለዱ ልጆችን ሰብስበው ይህንኑ ሲያስረዱ አንዷ «ሜይቢ ዘይ ጀስት መስድ አፕ»፣ ምናልባት ተበላሽቶባቸው ይሆናል፣ አለቻቸው። «ሰነድ አለ» አሏት፣ በአማርኛ።

የሲፋን ሠርግ ዕለት ደግሞ የሆነው አይረሳም። ሰዎቻችን አገር ቤት የለመዱት ነውና ሚኒሶታ መጥተውም በጥር ይጋባሉ። ሙሽራይቱ እጅጌ የሌለው ቬሎ ለብሳ ደረጃውን ወጥታ በረንዳው ላይ ስትደርስ ሊቀ ድንጋይ መሀል በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። በድሮ ጊዜ እንግሊዝ አገር ቃል ኪዳን የሚፈጸመው ውስጥ ሳይሆን እዚህ በረንዳው ላይ እንደነበረ ማወቅ አለባት። ንግግሩ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። በቪዲዮው ላይ የሙሽራይቱ ከንፈር ከሚዜዎቹ ሰማያዊ ቀሚስ ጋር ሲመሳሰል በግልጽ ይታያል።

እስከዚህ ድረስ ኢብሲቱ እንደ ሌላው ሰው ትስቅባቸው ነበር። ሳቋ የቆመው ባለፈው መጋቢት ነው።

የኢብሲቱ እናት አዴ ፋዮ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። የቅዱስ በቶሎ መግቢያ ሰባት ደረጃ አለው፣ ያውም የጎደጎደ። ስለዚህ እሑድ እሑድ አራት ጎረምሶች ከነዊልቸራቸው አንስተው ያስገቧቸው ነበር። አዴ ፋዮ ይህን አይወዱትም ነበር፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይችሉት ነበር።

በዚያ እሑድ ጎረምሶቹ እናትየዋን ከመንገዱ ዳር አንስተው፣ ጣራ ባላት በግቢው በር ሥር ሲያልፉ ኦቦ ጉዲሳ አብረው ይራመዱ ነበር። በሯም ዝም ብላ በር አይደለችማ። «ሊች ጌት ነው የምትባለው። ሊች በጥንቱ እንግሊዝኛ ሬሳ ማለት ነው። በዚህች በር በሰው ሸክም የሚገባው ሬሳ ብቻ ነበር። እዚህ ያሳርፉትና ቄሱን ይጠብቃሉ» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ዕውቀት ነበር፤ ወጣ።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ አዴ ፋዮ ዓይናቸውን ከፈቱ። «አውርዱኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ወደ መኪናው መለሷቸው። ማታ ኢብሲቱ ምን እንደሆኑ ብትጠይቃቸው «እኔ በሰው ትከሻ ቤተ ክርስቲያን የምገባው ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሏት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሱም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም አልሄዱም። ፋሲካ አለፈ። የሚኒሶታው በጋ አለፈ። እሑድ ጠዋት ብሩክሊን ፓርክ ባለው ቤታቸው መስኮት ዳር ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ። ኢብሲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ጉዲሳን በአፏ «እርስዎ»፣ በሆዷ «አንተ» ማለት ጀመረች።

እናቷን በራሳቸው ዊልቸር ማስገባት አለባት፤ ለኮሚቴው ሥራ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ከፊት ለፊት ራምፕ፣ የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ እንዳይሠራ ሰባቱ ደረጃ ረጅም ቦታ ይፈልጋል፣ መንገዱ ደግሞ ቅርብ ነው። ስለዚህ በመስከረም ረሻድ የሚባል ግንበኛ ጠራች። ረሻድ የወሎ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፤ በዚህ አገር ድንጋይ የሚያውቅ ሐበሻ ከተፈለገ እሱ ነው የሚጠራው። ሕንፃውን በዝምታ ዞረና በሰሜን በኩል፣ ፓርኪንግ ሎቱ ጋ፣ መሬቱ ከወለሉ እኩል ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ከፍ የሚልበት ቦታ ቆመ። እዚያ ግድግዳው ላይ በድንጋይ የተደፈነ የበር ቅርጽ አለ። በመዶሻው ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«እህቴ፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም። በር ነው።»

«በር ነበረ፤ ዘግተውታል» አለችው ኢብሲቱ።

«አልዘጉትም። ተዘግቶ ነው የተሠራ። እይው እስቲ፣ መቃኑና ጉበኑ ሸክሙን ችሎ ቆሟል። መሀል የገባው ድንጋይ ምንም አልያዘም። ዛሬ ባወጣው ግድግዳው አያውቀውም። ደሞ እኮ ተከፍቶ አያውቅም፣ ደፉን አንድም እግር አልነካውም። ምን ዓይነት ሰው ነው በር ሠርቶ የሚደፍን?»

ኢብሲቱ ወዲያው ገባት። የመንደሩ በር ድሮ ተደፍኖ ስለነበር፣ እንዳለች ሥሩልኝ ያለው ሰውዬ የተደፈነ በር አሠርቷል። መቶ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እናቷን የሚጠብቅ በር። ደስ አላት፤ ከዚያ ወዲያውኑ ደስታዋ ቀዘቀዘ፣ ምክንያቱም ይህ በር የሊቀ ድንጋይ በር ነው።

የኦቦ ጉዲሳ ጉብኝት ማሳረጊያው እዚያ ነበር። «ይህ ድንጋይ ዝም ብሎ ድንጋይ እንዳይመስልህ። ይህ የሰይጣን በር ይባላል። በእንግሊዝ አገር ሕፃን ሲጠመቅ ይህን በር ይከፍቱታል፤ ሰይጣን ከሕፃኑ ይለቅና በዚህ ይወጣል። ከዚያ ይዘጉታል፣ እንዳይመለስ። በመጨረሻም ለዘለዓለሙ ደፈኑት። ሰነድ አለ።» ይህን አራት ዓመት ሙሉ ተናግረዋል። አንድ ቀን አዴ ዳራርቱ የሚባሉት የጸሎት ቡድኑ እናት «ታዲያ ወጥቶ የት ሄደ?» ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ጉዲሳ ወደ ሰሜን አመለከቱ። በሰሜን ያለው ፓርኪንግ ሎቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ለደረሰው ነገር ሁሉ ባለቤት ተገኘለት። በበረዶ ተንሸራቶ የወደቀ፣ ጎማው የፈነዳበት፣ ቁልፍ መኪና ውስጥ የቆለፈ፣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ያይ ጀመር። የአዴ ዳራርቱ መኪና ተጎትቶ በተወሰደ ጊዜ ሦስት ቀን ተጾመ። ከግድግዳው አጠገብ ያሉት ስድስት መኪና ማቆሚያዎች በገናም በፋሲካም ባዶ ናቸው።

ኢብሲቱ ይህን ለረሻድ ስትነግረው ሳቁን አምቆ ሰማት። «አብሽሪ» አላት። «የኛ ሰው በር የሚከፍት ቢስሚላህ ብሎ ነው፤ ሰይጣን ካለም ያኔ መንገዱን ይይዛል። ይልቅ የራምፑ ኮንክሪት መሬቱ ሳይቀዘቅዝ መፍሰስ አለበት። ጥቅምት ካለፈ ወዲያ እኔን አትጥሪኝ።»

ጉዳዩ ከአምልኮ በኋላ ቤዝመንት ውስጥ በተጠራው ስብሰባ ላይ ቀረበ። ሰብሳቢው ኦቦ ቃልቤሳ ትሑት ሰው ናቸው፤ ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ማንንም የማያስደስቱ። ኢብሲቱ የረሻድን ሐሳብ አስረዳች። አዴ ዳራርቱ ተነሱና የአንዲት ባልቴት ወንበር ለማስገባት ብሎ ለጠላት በር መክፈት ተገቢ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ «ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው እኮ» አሉ። ሁሉም ወደ ሊቀ ድንጋይ ዞረ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተረት ነው ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ኦቦ ጉዲሳ ግን የጉብኝታቸው ማሳረጊያ ተፈልፍሎ ሲወጣ ታያቸው መሰል ደረት ኪሳቸውን ነካ አደረጉ። «የሰይጣን በር የከፈተ ቤተ ክርስቲያን በመላው እንግሊዝ አንድም የለም። ሰነድ አለ» አሉ። ኦቦ ቃልቤሳ ሰነዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታይ ብለው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ። ሁለት ሳምንት ማለት ጥቅምት አጋማሽ ማለት ነው። ኢብሲቱ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሯን ዘግታ በሆዷ ያለውን «አንተ» ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ሌላም ጨመረችበት።

በዚያው ሳምንት ስልክ ደወለችላቸውና ሰነዱን እንዲያውሷት ለመነቻቸው። አያውሱም። ራሳቸው ይዘው መጥተው ገጽ አሥራ ሰባትን ያሳዩአታል። ቅዳሜ ከሰዓት ክራቫት አስረው ብሩክሊን ፓርክ መጡ።

ሳሎን ውስጥ አዴ ፋዮ መስኮቱ ዳር ነበሩ። ኦቦ ጉዲሳን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ይህ ለኢብሲቱ ያልተጠበቀ ነው። ከጉባኤው ሁሉ የሊቀ ድንጋይን ትረካ እስከ መጨረሻው የሚሰሙት፣ ሲጨርሱም ጥያቄ የሚጠይቁት እናቷ ብቻ እንደነበሩ በንዴቷ ብዛት ረስታው ነበር።

«ና እዚህ ተቀመጥ ጉዲሳ» አሉ። «ያ ዘመዶቹን የማይመስለው መስታወት አለ?»

«አለ፣ አዴ ፋዮ። እንዳለ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን በሯ ሥር ያልከኝ እውነት ነው?»

«የቱን ነው የሚሉት?»

«በሰው ሸክም በዚያች በር የሚገባው ሬሳ ብቻ ነው ያልከው።»

ኦቦ ጉዲሳ «ሰነ» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ኢብሲቱ ሻይ እንደያዘች ቆመች፤ እኒህን ሰውዬ ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሲተዉ አይታ አታውቅም።

«እኔ እኮ ስለ እንግሊዝ ነው የተናገርኩት» አሉ።

«እኔም ስለ እንግሊዝ መስሎኝ ነበር። ደረጃው ጋ ስደርስ ስለ እኔ ሆነብኝ። ተቀይሜህ አይደለም ልጄ፣ አንተ ያወቅኸውን ነው የምትናገረው። ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅህ። እውነት ከሆነ ተራዬን ቤቴ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

ኦቦ ጉዲሳ ሻዩን አልጠጡም። አዴ ፋዮን ሳይሆን የዊልቸሩን ጎማ ሲያዩ ቆዩና ተነሡ፤ «ይቅርታ» ለማለት ይሁን ደህና ዋሉ ለማለት ያልታወቀ ነገር አጉረምርመው ወጡ። መኪናቸው ከሄደ በኋላ ኢብሲቱ ሶፋው ላይ ዚፕሎኩን አገኘችው። ሰነዱን ረስተውት ሄደዋል።

ጊዜ አላጠፋችም። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ስለ ሰይጣን በር የሚሉት ሁሉ ቃል በቃል አለ። ገጹን ገለበጠች። ገጽ አሥራ ስምንት የመጀመሪያው መስመር ላይ ሴትዮዋ እንዲህ ይላሉ፦ ይህ ግን ኋላ የመጣ ተረት ነው፣ መሠረት የለውም፤ የሰሜን በር በበዓል ቀን ሰልፉ ይወጣበትና ይገባበት ነበር፤ የበዓሉ ሰልፍ ሲቀር ብርድ እንዳያስገባ ደፈኑት። ከመስመሩ ጎን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በኦቦ ጉዲሳ ጥርት ያለ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ይዘለል»።

ኢብሲቱ ቃሉን ደግማ አነበበች። ሰውዬው አልተሳሳቱም፤ ያውቁ ነበር። ሰኞ ዕለት በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኮፒ ማሽን ላይ ገጽ አሥራ ስምንትን ከነእርሳሱ ሠላሳ ኮፒ አወጣች። በእሑዱ ስብሰባ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ልታድል ነው። እንዴት ቆማ እንደምታድል፣ ከማን እንደምትጀምር፣ ኦቦ ጉዲሳ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ስትነዳ በልቧ ስታየው ከረመች፤ ከአዴ ዳራርቱ ለመጀመር ወስናለች።

እሑድ ቤዝመንቱ ሞላ። ኦቦ ቃልቤሳ ሰነዱ ይቅረብ አሉ። ኢብሲቱ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከእሷ በፊት ግን ኦቦ ጉዲሳ ተነሡ።

«ሰነዱ ኢብሲቱ ዘንድ ነው» አሉ። «አያስፈልግም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።» ገጽ አሥራ ሰባትን እንደ ዳዊት ወረዱት፤ እናቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ገጽ አሥራ ስምንት» አሉና እሱንም ወረዱት፤ ሰልፉን፣ ብርዱን፣ መሠረት የለውም የሚለውን። «ይህን አራት ዓመት ዘለልኩት። አውቄ ነው።»

«ለምን ተብሎ?» አሉ ኦቦ ቃልቤሳ፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ስለ ደረጃው ስነግራችሁ ሰዓታችሁን ታያላችሁ። ስለ መስታወቱ ስነግራችሁ ስልካችሁን ታያላችሁ። ሰይጣኑ ጋ ስደርስ ነው እኔን የምታዩኝ። አዴ ፋዮ ግን ሁሉንም ይሰሙኝ ነበር። እሳቸውን በአፌ አስወጣኋቸው። በሩ ይከፈት።»

ኢብሲቱ ሠላሳውን ወረቀት በጣቶቿ እንደያዘች ቀረች። ልቧ ተናዶ ሳይጨርስ አዘነ፤ አዝኖም ትንሽ አፈረ፣ ምክንያቱም እሷም ሰዓታቸውን ከሚያዩት አንዷ ነበረች።

አዴ ዳራርቱ ገና አልረኩም። «እና ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ማንም የለም።»

«የኔን መኪና ማን አስጎተተው ታዲያ?»

«የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃው ፊት አቁመውት ነበር፣ አዴ ዳራርቱ። ያኔም ልነግርዎ ፈልጌ ነበር።»

ቤዝመንቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ድምፅ ተሰጠ፣ አዴ ዳራርቱም እጃቸውን አወጡ። ወረቀቶቹ ከኢብሲቱ ቦርሳ አልወጡም። ማንም ግን ሊቀ ድንጋይን በነጻ አላሰናበታቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ «ኦቦ፣ እዚህ ጋ የተዘለለ ገጽ የለም?» ይላቸዋል። የሚገባቸውም ነው።

ረሻድ ቢስሚላህ ብሎ ድንጋዩን አንድ በአንድ አወጣ። ግድግዳው እንዳለው አላወቀውም። ኮንክሪቱ ፈሰሰ፣ አንዲት አጭር ራምፕ ተሠራች፣ ሰፊ የእንጨት በር ገባ። በጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ኢብሲቱ እናቷን አምጥታ ራምፑ ሥር አቆመቻቸው። ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ አዴ ፋዮ መለሱት። ጎማውን በገዛ እጃቸው እያሽከረከሩ ወጡ።

በሩን ይዘው የቆሙት ኦቦ ጉዲሳ ነበሩ። ክራቫት አስረዋል። አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። አዴ ፋዮ ደፉ ላይ ሲደርሱ ዊልቸሩን አቆሙ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል አዴ ፋዮ?»

«እኔ ሰባት ወር ቴሌቪዥን ሳይ ነው የከረምኩት። ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?»

ኦቦ ጉዲሳ ደፉን አዩ፣ አዴ ፋዮን አዩ፣ ከዚያ በፍርሃት ኢብሲቱን አዩ። «ይህ ድንጋይ» ብለው በቀጭን ድምፅ ጀመሩ፣ «ዝም ብሎ ድንጋይ እንዳይመስልዎ።» እያደር ድምፃቸው ሞላ። ከውስጥ «ብርድ ገባ፣ በሩን ዝጉ» የሚል ሰው ተሰማ። ኢብሲቱ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ክፍቱን ያዘችው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሰዓቷን አላየችም፤ ይህን ያህል መሆኑን ያወቀችው ኋላ ጎረምሶቹ ሲናገሩ ነው።

ከአምልኮ በኋላ ሰነዱን ልትመልስላቸው ስትሄድ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቋት። መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ፣ የሴትዮዋ እንግሊዝኛ ካለቀበት በታች፣ በአማርኛ እየቆጠቡ ጻፉ፦ «የሰሜን በር። ተዘግቶ ተሠራ፣ 1911። ተከፈተ፣ ጥቅምት 2018። መጀመሪያ የገቡበት አዴ ፋዮ ናቸው፣ በራሳቸው ጎማ፣ ማንም ሳይሸከማቸው።» አነበቡት፣ በረካ ፊት መጽሐፏን ለኢብሲቱ ሰጧትና «አንብቢው፣ ዛሬ የሚዘለል የለም» አሏት። ከዚያ ሁለት አዲስ መጦች ምሰሶው አጠገብ ቆመው ስላዩ ክርናቸውን ሊይዙ ሮጡ።

ኢብሲቱ አነበበች። አንድ ጊዜ አነበበችና ወደ ቁጥሮቹ ተመለሰች። የመጀመሪያው ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሁለተኛው በእኛ። ማንም ወደፊት ይህን ገጽ ቢያገኝ፣ ጉባኤው ሕንፃውን ከመግዛቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በሩን እንደከፈተ ነው የሚረዳው። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስታ «እንደ ኢትዮጵያ» ልትጽፍበት ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ከወዲያ አንገታቸውን ወደ ግራ የጣሉ ሁለት እንግዶች ይታዩዋታል። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች። ከመቶ ዓመት በኋላም በዚህ ቤት አንድ ጉዲሳ አይጠፋም፤ እሱም የሚያስረዳው ነገር ያስፈልገዋል።